ብሎወሩ ወደ ኋላ የዞረ ዕለት

ቀናተኛ ነኝ። አስቀድሜ ብነግራችሁ ይሻላል፤ ኋላ ስትደርሱበት «ደህና ሰው መስሎን ነበር» ብላችሁ እንዳታዝኑ። ቅናቴ የትዳር አይደለም። ባለቤቴ ገበያ ውላ ስትመለስ ከማን ጋር ስታወሪ ዋልሽ ብያት አላውቅም። የእኔ የሙያ ቅናት ነው። ሌላ ሰው ፊቴ ላይ «ጎበዝ» ሲባል ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይገላበጣል፤ ያ ሰው ወንድሜም ቢሆን ይገላበጣል። ስሜ ይበልጣል ነው። ስም የሚወጣው ጠባይ ሳይታወቅ ሆነ እንጂ እናቴ አውቃ ያወጣችው ይመስላል።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ቢቸና ውስጥ፣ በአንድ የዘይት ፋብሪካ የቦይለር ክፍል ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ብቻ የፈጀ ነገር ነው። እኔ ግን ከዚያ ክፍል እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልወጣሁም።

ያኔ ስምንት ዓመት የሠራሁ ኦፕሬተር ነበርሁ። ሥራውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኑግ ከመጨመቁ በፊት በእንፋሎት መሞቅ አለበት። እንፋሎቱ ከቦይለሩ ይመጣል፤ ቦይለሩ በባሕር ዛፍ እንጨት ይነድዳል፤ እንጨቱን የሚያነድደው ደግሞ ከጎን ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ብሎወር ነው። የአንጥረኛ ወናፍ በሉት፤ ልዩነቱ በሞተር መዞሩና አንድ ጎጆ የሚያህል እሳት ማናፈሱ ነው። አየሩን ከውጭ ይስብና በእሳቱ ሥር ባለው የብረት ርብራብ በኩል ሽቅብ ይነፋዋል። እሱ ከደከመ እንጨቱ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ውሃው ለብ ይላል እንጂ አይፈላም፤ ታች ያሉት መጭመቂያዎች ሥራ ፈትተው ይውላሉ።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ታፈረ ናቸው። «እሳት የሚበላው እንጨት አይደለም፤ አየር ነው። እንጨቱ ገበታው ነው» ይሉ ነበር። ሌላም አባባል ነበራቸው፦ «አየር ያጣ እሳት አይሞትም፣ ያደባል።» ይቺን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነግረውኝ፣ ትርጉሟን የእሳት ምድጃውን በር እያሳዩ አስረድተውኛል። አየር ያጣው እንጨት ጭሱን አምቆ ይቀመጣል፤ በሩን በድንገት ከከፈትህለት ያን የተራበውን አየር ሲያገኝ በአንዴ ይቀጣጠልና ወደ ከፋቹ ይወጣል። ስለዚህ ሳላውቅ ነው የምለው ነገር የለኝም።

ጋሽ ታፈረ ዕድሜያቸውን በማሽን ጩኸት ውስጥ ኖረው ጆሯቸው ደክሟል። ቀርበው ካልጮኹላቸው አይሰሙም። ለዚህ አንዲት የወይራ በትር ነበረቻቸው። አንዱን ጫፍ ብሎወሩ ላይ አስደግፈው ሌላውን ከጆሯቸው ሥር ያለው አጥንት ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የብሎወሩን ዘንግ የተሸከመው ኩሽኔታ ሊበላሽ ሲል በትሯ በአጥንታቸው በኩል ትነግራቸዋለች። ከእጅ ብዛት ወዝታ ታብለጨልጭ ነበር። «ጡረታ ስወጣ ይቺን ለሚያስፈልገው ሰው ሰጥቸ ነው የምሄድ» ሲሉ ስምንት ዓመት ሰምቻለሁ። ያ ሰው እኔ መሆኔን ተጠራጥሬ አላውቅም። እንዲያውም ቤቴ ውስጥ የማንጠለጥልበትን ምስማር በዓይኔ መርጬ ነበር።

ታዲያ አንዷለም ከሞጣ መጣ።

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በኤሌክትሮ መካኒክ ዲግሪ አለው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቅናቴ ዕረፍት ያገኝ ነበር። ግን ወንበር ይለቅልኛል፣ «ጋሼ» ይለኛል፣ የማያውቀውን «አላውቅም» ይላል። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት የብሎወሩን የአየር መዝጊያ ትንሽ ከፈት፣ ትንሽ ገርበብ እያደረገ በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ አፍጥጦ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ጥቁሩ ጭስ ሳስቶ ሰማዩ በውስጡ ታየ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ አንጋጠጠና «ይበልጣል፣ አንተ ስንት ዓመት ሙሉ እንጨቱ እርጥብ ነው ስትለኝ ነበር አይደል?» አለኝ። ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አንጀቴ እያረረ ሳቅሁ።

ጋሽ ታፈረና እኔ ምሳችንን ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር። አንዷለም ተጨመረ። አንድ ቀን ሽማግሌው ጠቅልለው ጉርሻውን ሲያነሱ አፌን ልከፍት ስል እጃቸው አልፎኝ ሄደ። «እንካ፣ ልጄ» አሉት። ስምንት ዓመት «አንተ» እንጂ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። ሰው በጉርሻ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

ጥር ላይ የብሎወሩ ሞተር ተቃጠለና የውስጥ ሽቦውን አስጠቅልለው እስኪያመጡት ፋብሪካው ሁለት ሳምንት ቆመ። በዚያ መሐል አንዷለም ክፍሉን አጸዳ፣ ቧንቧዎቹን ቀባ፣ የብሎወሩንም የብረት ሽፋን አረንጓዴ ቀለም አለበሰው። እኔ ከዓመታት በፊት በእጄ የሳልሁት ቀይ ቀስት ነበረበት፤ ሞተሩ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ። እሱም አብሮ ተቀባ። አየሁ፤ ምንም አላልሁም። ቀስቴን ሳይጠይቀኝ ስላጠፋው ብቻ ነበር ያኮረፍሁት።

ሥራ በሚጀመርበት ቀን ዋዜማ ጋሽ ታፈረ ሁለታችንንም ፊት ለፊታቸው አቆሙን። «ሥራ አስኪያጁ የሚተካዎትን ሰው ይምረጡ ብሎኛል። ነገ እሳቱ በደንብ ከተነሣ በኋላ እነግራችኋለሁ» አሉ። ከዚያ በትሯን ከግድግዳው አነሱ። እጄ ያለ እኔ ፈቃድ ትንሽ ወደ ፊት ሄደ። ለአንዷለም ሰጡት።

«እንካ፣ ይቺ ላንተ ትሁን።»

አንዷለም በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ የሥራ ልብሴን ቀይሬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ እራት አቀረበች፤ አልበላሁም።

«ምን ሁነሃል?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ምስማር አፍጥጦ አያይም» አለችና ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስታችንም ክፍሉ ውስጥ ነበርን። ግቢው ውስጥ ኑግ የጫኑ አይሱዙዎች ተሰልፈዋል። ሞተሩን ያሰረውም፣ ሽቦውን ያገናኘውም አንዷለም ነው። ለሙከራ አስነሣው። የኑግ ገለባ በመዳፉ አፈሰና አየር ወደሚገባበት የወንፊት በር አስጠጋው። ገለባው ተስቦ ወንፊቱ ላይ ተለጠፈ።

«ይስባል» አለ፣ ደስ ብሎት።

በክፍላችን የብሎወር መፈተኛው ይኼ ነው። ጋሽ ታፈረ ያስተማሩን፣ እሳቸውንም ሌላ ሰው ያስተማራቸው። ገለባውን ከሳበ ይሠራል ይባላል። አንዷለም በትሯን ብሎወሩ ላይ አድርጎ ሌላውን ጫፍ ለሽማግሌው ሰጣቸው። አዳመጡ። «ኩሽኔታው ንጹሕ ነው» አሉ። አንዷለም አጠፋው፤ ጩኸቱ እየቀነሰ ሄደ።

እኔ ከሞተሩ በስተጀርባ ቆሜ ነበር። መዞሩ ሲደክም በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ብሎን ለዓይን ታየች። ወደ ቀኝ መዞር ሲገባት ወደ ግራ ዞራ፣ ዞራ ቆመች።

ብሎወር አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ወደ ኋላ ቢዞርም አየሩን የሚስበው በዚያው አፍ፣ የሚነፋውም በዚያው አፍ ነው፤ ገለባውንም ይስባል። አቅሙ ግን ግማሽ አይሞላም። ከሦስቱ የሞተር ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ የሚሆነው ይህ ነው። እኔ ደግሞ ሳየው አይደለም ያወቅሁት፤ ገና ሲነሣ ከድምፁ ጠርጥሬ ነበር። ጥርሱ የወለቀ ሰው እንደሚያወራው ይለፈልፋል።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ተገልብጧል» ማለት ብቻ።

አላልሁም። ሐሳቤን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ እሱን ለመግደል አልነበረም። እንጨቱ ይጨሳል፣ እንፋሎቱ አይነሣም፣ አይሱዙዎቹ ቆመው ይውላሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ይወርዳል፣ ልጁ በሰው ፊት ያፍራል፤ ያኔ እኔ ቀርቤ በአንድ ካቻቢቴ ሁለት ሽቦ አለዋውጬ እሳቱን አስነሣለሁ። በልቤ ሥዕሉ ያለቀ ነበር። ለራሴም ዝም አይነቅዝም እያልሁ አጽናናሁት።

እሳቱ ተለኮሰ። አንድ ሰዓት አለፈ። የእንፋሎቱ መለኪያ መርፌ ስድስት ላይ መድረስ ሲገባው ከአንድ አልፎ ሁለት ላይ ሊደርስ ሲል ተኛ። ከጭስ ማውጫው ወፍራም ቢጫ ጭስ ይንከባለላል። አንዷለም እንጨት ጨመረ። የአየር መዝጊያውን ሙሉ በሙሉ ከፈተ። ደግሞ ጨመረ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር፤ አየር ለጠፋበት እሳት ገበታ ደረበለት። እንዲህ ሲያደርግ አየሁና ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር በደስታ ተገላበጠ።

አራት ሰዓት ላይ ከመጭመቂያው ክፍል ተላከብን፤ «እንፋሎት የት አለ?» የአንዷለም ግንባር በላብ ወርዝቷል። ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ ይበልጣል፣ እባክህ እየው። የሆነ ያላየሁት ነገር አለ።»

«አንተ የተማርኸው ሰውዬ፣ እኔን ትጠይቃለህ?» አልሁት።

ተመልሶ መርፌው ፊት ቆመ። ያኔ ልናገር ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ እውነቴን ነው። ግን በትሯ ብብቱ ሥር ነበረች።

ከዚያ ጋሽ ታፈረ ጠሩኝ። ከብሎወሩ አጠገብ ቆመው፣ አንድ እጃቸውን ሽፋኑ ላይ አሳርፈው፣ በጩኸቱ መሐል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«ይበልጣል! ድምፁ እንዴት ነው?»

ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። በትራቸው ነበረቻቸዋ። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነው፤ የሚሰሙት በዓይናቸው ስለሆነ። ቃል አላወጣሁም። ራሴን ከላይ ወደ ታች ነቀነቅሁ። ደህና ነው፤ ማለቴ ነበር።

እሳቸውም ነቀነቁ። «እንግዲያው ርብራቡ በአመድ ተደፍኗል» አሉ። «አንዷለም፣ ብሎወሩን አጥፋው፤ በሩን ከፍተን እንቆስቁሰው።»

ሕጉ ነው። በር ከመከፈቱ በፊት ብሎወሩ ይጠፋል፤ ያለዚያ እሳቱን ወደ ሰው ይነፋዋል። ግን ያ ሕግ ምድጃው በደንብ ሲነድ ለዋለበት ቀን ነው። አንዷለም አጠፋው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ ምድጃው ሲተነፍስ ሰማሁ፤ በበሩ ጠርዝ ቢጫው ጭስ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ተመልሶ ይሳባል። ያደባል የሚሉት ይህን ነው። ስምንት ዓመት አስተምረውኝ፣ ያኔ ገና በዓይኔ አየሁት።

ጋሽ ታፈረ ረጅሙን መቆስቆሻ ከአንዷለም እጅ ወስደው፣ «እኔ ልየው» ብለው የበሩን መቀርቀሪያ ያዙ።

«አይከፈት!» ብዬ ጮኽሁ። «ጋሼ! አይከፈት!»

አልሰሙም። የሚሰሙት ሲያዩኝ ነው፤ ፊታቸው ደግሞ ወደ በሩ ነበር። የሰማው አንዷለም ነው። መቀርቀሪያው ሲላቀቅ በትከሻው ገፍቶ ጣላቸው። በሩ በራሱ ተበረገደ። እንደ ትልቅ ጨርቅ የሚርገበገብ እሳት እስከ ክፍሉ መሐል ወጥቶ ተመለሰ። ድምፁ ከባድ አልነበረም፤ «ህፍ» አለ፤ ሰው ሻማ እንደሚያጠፋው። ከዚያ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ።

አንዷለም ቀኝ ክንዱን ፊቱ ላይ እንደጋረደ ቆሞ ነበር። እጅጌው የለም። ቅንድቡ የለም። አልጮኸም። «ጋሼን እዩአቸው፣ ጋሼን» ይላል። ጋሽ ታፈረ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ቆስሎ ይሳደባሉ።

በሥራ አስኪያጁ መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። አሁን የምነግራችሁን ለመጻፍ ከዚህ በላይ ካለው ሁሉ ይልቅ ይከብደኛል። ካቻቢቴ አወጣሁ፤ የሞተሩን የሽቦ ሳጥን ፈታሁ፤ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጥሁ፤ ሳጥኑን ዘጋሁ። ምድጃውን አጽድቼ እንደገና ለኮስሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርፌው ስድስትን ነካ። ሥራ አስኪያጁ ከሆስፒታል ሲመለስ መጭመቂያዎቹ ይሽከረከራሉ።

«ልጁ እንጨት አብዝቶ አፍኖታል፤ ራሱም ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። ይበልጣል፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» አለኝ።

ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። በማግስቱ ኃላፊ ተብዬ ተሾምሁ። አንዷለም ክንዱ በፋሻ ታስሮ፣ ሥራውን ለቅቄአለሁ የሚል ማመልከቻ በግራ እጁ ፈርሞ ወደ እናቱ ወደ ሞጣ ሄደ። በትሯን ለጋሽ ታፈረ መልሶላቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው እያነከሱ መጡ። ሰላም ሳይሉኝ የብሎወሩ ሽፋን ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሽቦ ሳጥኑን ብሎኖች አዩ፤ አዲሱ ቀለም በካቻቢቴ ተፍቆ ነበር። በእጃቸው ጠቅሰው ወደ ውጭ አወጡኝ፤ ጩኸቱ ወደማይደርስበት፣ ወደ እንጨት ክምሩ።

«የዛሬው ንዝረት ያን ዕለት እጄ ላይ የነበረው አይደለም» አሉኝ። «ሽቦ አለዋውጠሃል።»

አልካድሁም።

«መቸ አወቅህ?»

«ገና ለሙከራ ሲነሣ» አልሁ፤ ጮክ ብዬ፣ እንዲሰሙኝ። ግቢው ሁሉ የሰማኝ መሰለኝ።

በትሯን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይቺን ለምን ላንተ እንዳልሰጠሁ ታውቃለህ?»

«እሱን ስለወደዱት።»

«የሚያስፈልገው እሱ ስለሆነ ነው። ዕውቀት አለው፣ ጆሮ ገና አላወጣም። አንተ ያለ በትር ነው የምትሰማው። ለአንተ ምን ብየ ልስጥህ?» በትሯን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «አንተን ነበር የመረጥሁህ። ያን ዕለት ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ፤ ብትጠይቀው ይነግርሃል። እኔ ጆሮየ ከሞተ ቆይቷል። በሩ ላይ የቆምሁት ያንተን ጆሮ አምኘ ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የጣልሁት ብብቴ ውስጥ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። እንጨቱ ላይ ተቀመጥሁና አለቀስሁ። እሳቸው አላባበሉኝም።

«ለሥራ አስኪያጁ ይነግሩታል?» አልኋቸው ኋላ።

«እኔ አልናገርም። ሞጣ ሩቅ አይደለም» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ መመለሻ ሰበብ ስፈልግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰበቡም አለቀ። ሞጣ መናኸሪያ ወርጄ በባጃጅ ቤቱን አገኘሁት። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው። ከቢቸና፣ ከፋብሪካው መምጣቴን ስነግራቸው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

«ይበልጣል የሚለው አንተ ነህ? ከማሽን ጋር ይነጋገራል ይለኛል ስላንተ። ግባ፣ የኔ ልጅ፣ ግባ። ጥለኸው አልቀረህም።»

አንዷለም መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ክንዱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ሊነሣልኝ ሞከረ፤ እንዳይነሣ ለመንሁት። እናቱ እንጀራ ሊያቀርቡ ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ከመቅረቡ በፊት ልናገር ብዬ ተናገርሁ። እንጀራቸውን በልቼ ከምናገር መብሉ ቢቀርብኝ ይሻላል።

ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?» አለ።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ።»

«እኔ እዚህ ቁጭ ብየ ሌት ተቀን ስቆጥር ነው የሰነበትሁት። እንጨቱ እርጥብ ነበር? የአየር መዝጊያው ተበላሽቶ ነበር? ምን አጠፋሁ እያልሁ። ይኼ ሙያ የእኔ አይደለም፣ ሰው ልገድል ነበር ብየ ለእናቴ ነግሬያታለሁ።» ፋሻውን አየው። «ክንዴ ይድናል። በራሴ እንዳላምን ያደረግኸኝ ነው የማይረሳኝ።»

«ይቅር በለኝ» አልሁት።

«አሁን አልችልም» አለ፤ ሳይቆጣ። «ደግሞ ቀስቱን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ዘንጉንም ማየት ነበረብኝ፤ ያንን ጥፋቴን አልክድም። ያንተን ግን ለእኔ ብቻ አትንገረኝ። እዚያው፣ ቦይለሩ ፊት፣ ሁሉም ባሉበት ተናገረው።»

እናቱ እንጀራውን ይዘው ወጡ። ፊታችንን አይተው ቆሙ። ሳህኑን በመሐላችን አስቀመጡት። አንዳችንም አልነካነውም።

ሰኞ ጠዋት የፈረቃው ሠራተኞች ሁሉ ባሉበት፣ ብሎወሩ ሳይነሣ በፊት ተናገርሁ። ስጨርስ ከመጭመቂያው ክፍል አንዲት ሴት፣ ሁልጊዜ ጠዋት «እንዴት አደርህ ይበልጤ» የምትለኝ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ዞራ ሄደች። ሹመቴ ተነሣ። ለአንድ ወር ከሥራ ታገድሁ፤ ባላባረሩኝ ገርሞኛል። ጋሽ ታፈረ ሞጣ ድረስ ሄደው አንዷለምን ለምነው መለሱት። ሁለት ወር ቆይቶ ነው የመጣው፤ በትሯን ይዞ፣ ኃላፊ ሆኖ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከእናንተም መሐል ከእኔ ዓይነት ሆድ ጋር የተፈጠረ አለ። ቅናት ኃጢአት ነው ብዬ ልሰብካችሁ አልችልም፤ ሰባኪ አይደለሁም፣ አልዳንሁምም። የተማርሁት ነገር ትንሽ ነው። ቅናት በራሱ ሰው አላቃጠለም። ያቃጠለው ዝምታዬ ነው። ያውቃል ተብሎ የሚታመን ሰው ዝም ሲል፣ ሌላው ያንን ዝምታ «ደህና ነው» ብሎ አንብቦ በሩን ይከፍታል። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ከአፌ አውጥቼዋለሁ።

ዛሬ የምሠራው በአንዷለም ሥር ነው። ይቅር እንዳለኝ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ክንዱ ላይ ቆዳው ተጨማዶ ቀርቷል፤ በሙቀቱ እጅጌውን ሲጠቀልል አያለሁ። ቀዩን ቀስት እንደገና ስሎታል፤ ከእኔው ይልቅ አምሯል፤ ስለሱም ቀንቻለሁ። ጠዋት ጠዋት እሳት ከመለኮሳችን በፊት ብሎወሩን ለሙከራ ያስነሣና ያጠፋዋል። ቀስቱ እያለ፣ በትሯ በእጁ እያለች፣ ወደ እኔ ይዞርና ሁሉም እየሰማ ይጠይቀኛል፦

«ይበልጣል፣ ድምፁ እንዴት ነው?»

ሆዴ ውስጥ ያ ነገር አንዴ ይገላበጣል። ከዚያ አፌን ከፍቼ፣ ጮክ ብዬ፣ የሰማሁትን እናገራለሁ።